ዶሮ በእግሩ ሲታወቅ

የልጅ ልጆቼ ዶሮ የሚያውቁት በካርቶን ነው። አይሱዙ ጭኖ ያመጣቸዋል፤ ነጭ በነጭ፣ እኩል በእኩል፣ ድምፅ የሌላቸው። ስም የላቸውም፣ ሰፈር አያውቁም፣ ከጎረቤት አያጣሉም። አንድ ቀን ትንሿ «እማማ፣ ዶሮ ደግሞ ምን ያጣላል?» አለችኝ። ተናደድኩ። በዶሮ ያልተጣሉት ጎረቤት ምኑን ጎረቤት ሆነ? ደኅና ዋልሽ ደኅና አደርሽ ማለቱንማ መንገደኛም ይለዋል።

በእኛ ጊዜ ላሊበላ ውስጥ ዶሮ የሚታወቀው በእግሩ ነበር። እያንዳንዷ ሴት ካረጀ ቀሚሷ ቀጭን ቁራጭ ትቀድና በዶሮዎቿ ቅልጥም ላይ ታስራለች። መንገድ ላይ የባዘነች ዶሮ ያገኘ ሰው ጎንበስ ብሎ እግሯን ያያል፤ «አሃ፣ ባለ ቢጫዋ የየሺሃረግ ናት» ይልና እሽ እያለ ወደዚያው ይነዳታል። የኔዎቹ አረንጓዴ ነበሩ። ከብልባላ ተድሬ ስመጣ እናቴ ከገዛ ቀሚሷ ቀድዳ የሰጠችኝ ጨርቅ ነው። ሰው በማላውቅበት ሰፈር ያን አረንጓዴ በዶሮዬ እግር ላይ ሳየው እናቴ ግቢው ውስጥ የምትንጎራደድ ይመስለኝና ሆዴ ይረጋ ነበር።

ጨርቅ ያስፈለገው የዶሮዎቻችን መልክ አንድ ስለሆነ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሰፈሩ ውስጥ የቀረ ዶሮ አልነበረም፤ ሰው ራሱ መቅረቱም ተአምር ነው። ዝናቡ ሲመለስ የሺሃረግ ከዘመዶቿ ዘንድ አንዲት ገብስማ እናት ዶሮና አንድ ገብስማ አውራ አቅፋ መጣች፤ ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ የእነዚያ የሁለቱ ዘር ነው። እንቁላሉን ሳትሰስት ለሁላችንም አደለች። በዚህም የተነሣ የሰፈሩን ዶሮ ሁሉ እሷ የወለደችው ያህል ይሰማታል። «ይህቺን ምነው አከሳሻት?» ብላ ሰው ቤት ገብታ ትቆጣለች። አውራውን በኋላ ሸለምጥማጥ ሲበላባት እንደ ዘመድ ለቅሶ ደርሰናታል።

ሦስታችን ጎን ለጎን ነበርን። ከላይ የሺሃረግ፣ ከታች እታገኘሁ፣ መካከል ላይ እኔና ባሌ ባዘዘው። ቤቶቻችን ክብ የድንጋይ ቤቶች ናቸው፤ ሰው ላይ ቤት ያድራል፣ ዶሮ ምድር ቤት፤ ደረጃው በውጭ በኩል ነው። ሁለቱም ባል የሞተባቸው፣ ሁለቱም በዕድሜ የሚበልጡኝ ሴቶች ናቸው። መጀመሪያ አንቱ ብላቸው «ኧረ ይቺ ልጅ አስረጀችን!» ብለው ስለጮኹብኝ ተውኩት።

ሕግ ነበረን። የጻፈው የለም፣ ነገር ግን ከተጻፈው ይልቅ ይከበራል። ስጥ ያሰጣች ሴት ስጧን ራሷ ትጠብቃለች። የሰው ዶሮ ሲመጣባት መጀመሪያ እሽ ትላለች፤ አልሰማ ካለ ጠጠር ትወረውራለች፤ ጠጠሩ ግን መሬቱን እንጂ ዶሮውን መምታት የለበትም። የሰው ዶሮ ቤትሽ ገብታ እንቁላል ከጣለች እንቁላሉን ለባለቤቷ ትወስጂላታለሽ፤ ባለቤቷም «ተይው፣ አንቺው ጥበሽ ብዪው» ማለት አለባት። ሳትል ከተቀበለች ወሬው ሳይመሽ ተራራው ጫፍ አሸተን ማርያም ይደርሳል። ዋናው ሕግ ግን የማስታቀፉ ነው። ታቃፊ ዶሮ ያላት ሴት እንቁላል ያላትን ጎረቤቷን ትጠራለች፤ ጫጩቶቹ ጠንከር ሲሉ ለሁለት ይካፈሏቸዋል።

የነገሬ ባለቤት የሆነው ገብስማ አውራ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። እንቁላሉ የእታገኘሁ፣ ታቃፊዋ የየሺሃረግ። ከተፈለፈሉት ውስጥ ጭልፊት የማረልን አውራዎች ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ለየሺሃረግ ደረሰ፣ አንዱ ለእታገኘሁ። የእታገኘሁን ድርሻ ያሳደገው ልጇ ታፈረ ነው። ታፈረ አንድ ለእናቱ ነው። ረጅም፣ ሳቂታ፣ የነካው ነገር ሁሉ የሚሰበርበት ልጅ ነበር። ውኃ ቅዳ ሲባል እንስራ ይሰብራል፣ በር ዝጋ ሲባል መቀርቀሪያውን ይገነጥላል። ሰማንያ ዓመተ ምሕረት ሊገባ ሲል ለብሔራዊ ውትድርና ተያዘ።

የሚሄድበት ዕለት ጠዋት ከተማሪ ቤት ካኪ ሸሚዙ እጅጌ ላይ ቀደደና የዶሮውን እግር ማሰር ጀመረ። ሌሎቻችን ቅልጥሙ ላይ ነው የምናስረው። እሱ ግን ከቅልጥሙ ጀምሮ ወደ ታች እስከ ኋላ ጣቱ ድረስ ጠምጥሞ ጠምጥሞ ዶሮውን ጫማ ያደረገ አስመሰለው። የሺሃረግ ከደረጃዋ ላይ ሆና ተመለከተችው።

«ቋጠሮ የማያውቅ ልጅ ነው እንግዲህ ጠብመንጃ ሊያስይዙት የሚወስዱት!» ብላ ሳቀች።

ታፈረም ሳቀ። ዶሮውን ለእናቱ አቀበላትና «እማዬ፣ እስክመለስ እንዳታርጂው። ስመለስ እኔው ነኝ የማርደው» አላት።

«ማን ይነካዋል? አንተ ብቻ ተመለስ» አለች እታገኘሁ።

በእኛ ዘንድ ለመንገደኛ ስም የተተወ እንስሳ አይታረድም፣ አይሸጥም። እንስሳው ካለ መንገደኛውም አለ ይባላል። የካህናቱ ትምህርት አይደለም። የነፍስ አባታችን አባ ገብረ ሊባኖስ ይህን ሲሰሙ «ሰውን የሚጠብቀው እግዚአብሔር ነው ወይስ ዶሮ?» ብለው ይቆጡን ነበር። እናት ግን የምትይዘው ነገር ትፈልጋለች። ከታፈረ ደብዳቤ አይመጣም፤ ከረን ይሁን አሥመራ የሚያውቅ የለም። እታገኘሁ የምታውቀው ገብስማው ጠዋት ጠዋት ደረጃዋ ሥር ቆሞ መጮኹን ብቻ ነው። እኔም አልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማው ነበር። ጮኸ ማለት ታፈረ ደኅና አደረ ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ እያለ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ አድማሴ ለስብሰባ ደሴ ሄዶ ተመለሰ። አድማሴ ከስብሰባ ሲመለስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይከለከላል፤ በዚያ ዓመት ተራው የዶሮ ሆነ። ጡሩምባ አስነፍቶ ሰበሰበንና ለገና በዓል ትልልቅ እንግዶች አብያተ ክርስቲያናቱን ሊያዩ ስለሚመጡ ዶሮ መንገድ ላይ መታየት የለበትም አለን። ዶሮ ሁሉ በአጥር ውስጥ ይዋል። የቀበሌውን ምልክት ያላሰረ ይወረስ። ከአጥር ውጪ የተገኘም ይወረስ።

የሺሃረግ ተነሣች። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ትርፍ ቤት ወረሳችሁ፣ እሺ ይሁን። ትርፍ ዶሮ ደግሞ የት አያችሁብን?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አድማሴ አልሳቀም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሰፈራችን ልጅ ነው፣ እናቱን ሳይቀር እናውቃለን። ነገር ግን ደሴ ላይ የሰጡትን ትእዛዝ የሆነ ቦታ ማራገፍ ነበረበትና በእኛ ዶሮ ላይ አራገፈው።

ምልክቱ ቀይ ጨርቅ ነበር። ሪፐብሊኩ ሲመሠረት ለበዓሉ ከተሰቀለው የተረፈ ጣቃ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል፤ እሱን እየቀደዱ ለየቤቱ አደሉት። ጋሻዬ የሚባለው አብዮት ጠባቂ መቀስ ይዞ ቤት ለቤት እየዞረ የድሮውን ጨርቅ ይቆርጣል፣ ቀዩን ያስራል። «ሁለት ምልክት ክልክል ነው፤ ያደናግራል» ይላል። እስቲ ይህን ብልሃት ተመልከቱልኝ! የሁሉ ዶሮ ገብስማ፣ የሁሉ ጨርቅ ቀይ! የእናቴን አረንጓዴ ሲቆርጥብኝ በንዴት ያልኩትን አሁን አልደግመውም። በነጋታው ሰፈሩ ተተራመሰ። አንዷ የአንዷን ዶሮ ከቆጥ ታወርዳለች፣ ሌላዋ የሌላዋን ቄብ ትመግባለች፤ እኔ ምድር ቤት ያደረችው ቄብ የማን እንደነበረች እስከ ዛሬም የሚነግረኝ አልተገኘም።

ጋሻዬ እታገኘሁ ቤት ሲደርስ ነገር ሆነ። ካኪውን አላስቆርጥም ብላ ዶሮውን ነጠላዋ ውስጥ ሸጎጠችው። ጋሻዬ «እትዬ፣ በላሊበላው ይዤዎታለሁ፤ እኔን አያስቀጡኝ» እያለ ለመናት። በመጨረሻ ራሷ ፈታችው። ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈለገችም። ጨርቁንም አልጣለችው፤ አንገቷ ላይ ካለው ማተቧ ጋር ቋጠረችው።

ገና ጥቂት ሲቀረው እንግዶቹ መጡ። ያን ዕለት ጠዋት ጋሻዬና ጓደኞቹ ከአጥር ውጪ ያገኙትን ዶሮ ሁሉ ለቃቅመው ሄዱ። ዶሮዎቹ ለምሳ ድስት ውስጥ ገቡ፤ የነቢያት ጾም መሆኑ ለጓዶች ምናቸውም አይደለም። ከተወሰዱት መካከል አንድ ትልቅ ገብስማ አውራ እንደነበረ መንገድ ላይ ያዩት ሴቶች ነገሩን። ሰፈሩ ውስጥ ያን ያህል የደረሱ አውራዎች ሁለቱ ወንድማማቾች ብቻ ነበሩ። አንዱ እንግዲህ ተበልቷል። ሌላው የኔ ስጥ ላይ ቆሞ ገብሴን ይለቅማል።

ሁለቱ ሴቶች ከላይና ከታች እኩል ሮጠው መጡ። ቀድማ የደረሰችው እታገኘሁ ናት። ዶሮውን ብድግ አድርጋ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«ተመስገን! ተመስገን! የታፈረ ተረፈልኝ!»

የሺሃረግ ቆም ብላ አየችው። «እታገኘሁ፣ እሱ እኮ የኔ ነው» አለቻት፣ መጀመሪያ በቀስታ።

«ያንቺ ተበልቷል።»

«የኔን አላውቀውም? በዶሮ ነው እኔን የምታታልይኝ?»

«የልጄን ልትቀሚኝ ነው እንግዲህ!» እታገኘሁ ጮኸች። ዓይኗ ቀልቷል። «አንቺ ምን ታውቂ! ወልደሽ አላየሽ!»

የሺሃረግ ልጅ አልነበራትም። በዚያ ሰፈር ስንት ዓመት ስንሰዳደብ ይህቺን ቃል ያነሣባት ሰው የለም። ልጅ አለመውለዷ የሁላችንም ቁስል ነበርና ዳር ዳሩን ነበር የምንሄደው። የሺሃረግ ነጠላዋን አጣፋች። ድምፅዋ አልተነሣም።

«እሺ። በሸንጎ እንገናኝ» አለችና ወጣች።

ዶሮው እስኪፈረድ በአደራ እኔ ዘንድ ይታሰር ተባለ። ገና አለፈ፤ እንዲያ ያለ ቀዝቃዛ ገና አይቼ አላውቅም። አንዷ ከሌላዋ ምድጃ እሳት መጫር ቀረ። የሺሃረግ ስትወርድ እታገኘሁ በር ትዘጋለች፤ እታገኘሁ ስትወጣ የሺሃረግ ፊቷን ወደ ተራራው ታዞራለች። እኔ መካከል ላይ ሆኜ የሁለቱንም ኩርፊያ እቀበላለሁ። ባዘዘው እንኳ «እዚህ ቤት ከዶሮው በቀር ደኅና ሰው የለም» ይል ጀመር።

ዶሮውም ደኅና አልነበረም። ገመድ እግሩ ላይ ሲገባ ጩኸቱን ተወ። ጠዋት ጠዋት እታገኘሁ ነጠላዋን ተከናንባ ከአጥሬ ሥር ትቆማለች።

«መነን፣ አልጮኸም?»

«ገና ነው፤ ይጮኻል» እላታለሁ። አይጮኽም። ቆማ ቆማ ትሄዳለች። ዶሮው ዝም ባለ ቁጥር ፊቷ እየጠቆረ፣ እህል ከአፏ እየራቀ ሄደ። እኔስ ዶሮው የማን እንደሆነ ምን ገዶኝ! እኔን ያስፈራኝ ፍርዱ ነው። ይህ ዶሮ የየሺሃረግ ነው ከተባለ የታፈረ ተበልቷል ማለት ነው፤ የታፈረ ተበልቷል ከተባለ ደግሞ ይቺ ሴት ልጇን በቁሙ ትቀብረዋለች።

ሸንጎው ቀበሌው ደጅ ወይራው ሥር ተሰየመ። አድማሴ መሃል፣ ሁለት የሸንጎ አባላት ግራና ቀኝ፣ አባ ገብረ ሊባኖስ ደግሞ በሽማግሌነት ተጠርተው በድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። መጀመሪያ የተጠየቅሁት እኔ ነኝ።

«ዶሮው የማን ነው?»

«ጌታዬ፣ ሴቶቹን አውቃቸዋለሁ። ዶሮውን ግን አላውቀውም።»

«ምልክት የለውም?»

«አለው እንጂ። እናንተ ያሰራችሁለት ቀይ ጨርቅ አለው።»

ሰው ሳቁን አፈነ። አድማሴ ጉሮሮውን ጠራረገና «ባለቤቱ ካልታወቀ በደንቡ መሠረት ይወረሳል» አለ።

«አይወረስም!» ሁለቱም ሴቶች እኩል ብድግ አሉ። ከተጣሉ ወዲህ አንድ ቃል ሲናገሩ የሰማሁት ያኔ ነው።

አባ ገብረ ሊባኖስ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። «እናንተ ሴቶች፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንባችሁ። ልጄ አድማሴ፣ የዶሮ ነገር ምስክር አይፈልግም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልቀቁት። ዶሮ ማደሪያውን አይስትም፤ የገባበት ቤት እመቤት ባለቤቱ ናት።»

«መልካም ነው አባ፤ እርስዎ እንዳሉ» አለ አድማሴ፣ ከሸክም እንደተገላገለ ሰው።

የሺሃረግ ወዲያው «ተስማምቻለሁ» አለች። እታገኘሁ ግን እጇ አንገቷ ላይ ያለውን ቋጠሮ ይዞ ቀረ። ሦስቴ ከተጠየቀች በኋላ ነው «ተስማማሁ» ያለችው፤ ድምፅዋ አይሰማም ነበር። እርግጠኛ የሆነች ሴት ምን ያስጨንቃታል ብዬ ገርሞኝ ነበር።

ማታ ሰፈሩ ሁሉ ከነሸንጎው ግቢዬ ተሰበሰበ። ፀሐይዋ የአሸተንን ገደል ጫፍ ብቻ ይዛለች። ዶሮውን መካከል ላይ ፈታሁት። ክንፉን አራገፈ፣ እግሩን አፍታታ፣ ከዚያ ሰው አፉን ከፍቶ ሲጠብቀው እሱ ጎንበስ ብሎ ገብስ መልቀም ጀመረ።

«ዶሮ ብታልም ጥሬዋን!» አለ ባዘዘው። እኔ ተሸማቀቅሁ፤ ብሎ ብሎ ደግሞ የኔ ቤት ገብቶ ከሁለቱም እንዳያጣላኝ ፈራሁ።

አልገባም። አንገቱን ቀና አደረገ፣ ወዲህ አየ፣ ወዲያ አየ። ከዚያ ያለ ምንም ጥርጥር ፊቱን ወደ ላይ አዙሮ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ፣ የየሺሃረግን ዳገት ተያያዘው። እታገኘሁ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጣለች፤ ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። እንደዚያ ያለ ቁጭ ማለት በለቅሶ ቤት ነው የማውቀው።

የሺሃረግ ደረጃዋ ሥር ቆማለች። ዶሮው አጠገቧ ደረሰ፤ ምድር ቤት በሩ ላይ አንድ እግሩን አስገባ። ልክ ነበረች ማለት ነው፤ በአገር ሰው ፊት ልክ ሆነች። ያቺ «ወልደሽ አላየሽ» ያለቻት ሴት ዋሾ ሆና መሬት ላይ ተቀምጣለች። የሺሃረግ ዶሮውን አየች። ወደ ታች እታገኘሁን አየች።

ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፈፈችና አራገበችበት።

«እሽ! ምን ልሁን ብለህ ነው ሰው ቤት የምትገባው? ጥሬ ለምዶብህ! ሂድ ወዲያ፣ ቤትህ ታች ነው!»

ዶሮው ግራ ገባው። ዞሮ ተመልሶ መጣ። «እሽ ብያለሁ!» በነጠላዋ ጫፍ መለሰችው። ሦስተኛ ሲመጣ ቀጭን እንጨት አንሥታ ከፊቷ አስቀደመችው፤ ዳገቱን አስወርዳ፣ በኔ ግቢ አሳልፋ፣ በሸንጎው ፊት እየነዳች ወሰደችው። ሰው ግራና ቀኝ ከፈል እያለ መንገድ ለቀቀላት። የእታገኘሁን ምድር ቤት በር በእግሯ ከፍታ አስገባችውና ዘጋችበት።

አድማሴ አፉን ይዞ ቆሞ ነበር። «ይሄ እኮ… ይሄ በደንቡ መሠረት…»

«ዶሮው ቤቱ ገባ» አሉ አባ ገብረ ሊባኖስ። «እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። አንተስ ልጄ፣ ምን አየህ?»

አድማሴ እታገኘሁን አየ፣ ከዚያ ጫማውን አየ። «ገብቷል» አለ። ለዚያች ቃሉ ስል ሌላውን ሁሉ ይቅር ብዬዋለሁ።

የሺሃረግ እታገኘሁ ፊት መጥታ ቆመች። «የኔን ነው የበሉብኝ፤ ያንቺ ተርፏል» አለቻት። ከዚያ ዝቅ ብላ በብብቷ ይዛ አነሣቻትና ጨመረችበት፦ «ወለድኩም አልወለድኩም፣ ዶሮ አይጠፋኝም።»

እታገኘሁ እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል የሺሃረግ «ተይ እቴ፣ ሰው እያየን» ብላ ከለከለቻት።

በነጋታው ማለዳ ዶሮው ጮኸ፤ ድምፁ ከታች ከእታገኘሁ ደረጃ ሥር ነው የመጣው። ጥቂት ቆይቶ እታገኘሁ ገል ይዛ ዳገቱን ስትወጣ አየኋት። ወደ የሺሃረግ እሳት ልትጭር ነው የምትሄደው። የራሷ ምድጃ ቦግ ብሎ ሲነድ በበሯ በኩል ይታየኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቀዩ ጨርቅ በፀሐይ ነጣ፣ ረገፈ። የመንግሥት ጦር አካባቢያችንን ለቆ ሲወጣ አድማሴም አብሮ ወጣ፤ የዶሮ ደንቡን ማንም አላስታወሰውም። ሴቶቹ ሁሉ እንደገና ቀሚሳቸውን መቅደድ ጀመሩ። እታገኘሁም ካኪዋን ከማተቧ ፈትታ ልጇ እንዳሰረው አድርጋ፣ ከቅልጥሙ እስከ ኋላ ጣቱ ድረስ ጠመጠመችለት።

ደርግ በወደቀበት ዓመት፣ በሰኔ፣ ወታደሮቹ በየመንገዱ ይመለሱ ጀመር። በእግራቸው፣ በባዶ እጃቸው፣ ውኃ እየለመኑ። እኛ ሦስታችን በየቀኑ መንገዱ ዳር ተቀምጠን ፊት እናያለን። አንድ ቀን ከሰቆጣ በኩል ከመጡት መካከል አንድ ረጅም አጥንት ብቻ የቀረው ሰው ቆመና ሳቀ። በሳቁ ነው ያወቅነው። እታገኘሁ አልጮኸችም፣ እልል አላለችም፤ ሄዳ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘች። እልል ያለችው የሺሃረግ ናት፤ እስክትታመም ድረስ እልል አለች።

የዶሮው መታረጃ ግን ጠብቆ ጠብቆ የሐዋርያት ጾም ላይ ወደቀ። እታገኘሁ የሰኔን ጾም አትሽርም። ሐምሌ አምስት ሲፈታ ታፈረ ቢላዋውን ሳለ። እኛ ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ነበርን፤ እታገኘሁ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ የሺሃረግ ሙቀጫው ላይ ቅመም ትወቅጣለች፣ እኔ ውኃ አፈላለሁ። ታፈረ ዶሮውን እግሩ ሥር ይዞ ካኪዋን መፍታት ጀመረ። ፈታ፣ ፈታና እጁ ቀጥ አለ።

«እማዬ።»

«ወይ።»

«የኔ ዶሮ እኮ የኋላ ጥፍር አልነበረውም። ጫጩት እያለ በር ዘግቼበት ተቆርጧል። ጨርቁን የጠመጠምኩት ለዚያ ነው። አንቺ ራስሽ አይተሽ ጮኸሽብኝ የለ እንዴ?» ዶሮውን ገልብጦ አሳያት። «ይሄው፣ ይሄኛው ጥፍር አለው።»

ሙቀጫው ዝም አለ። እኔ ውኃው እየገነፈለ ሳላየው ቀረሁ። ያን ሁሉ ዓመት ወደኋላ አየሁት፤ ማተቧን የያዘውን እጇን፣ «ተስማማሁ» ለማለት የተጨነቀችበትን ድምፅ። ከመጀመሪያው ቀን ታውቅ ነበር። የልጇ ዶሮ እንደተበላ እያወቀች ነው የየሺሃረግን ዶሮ ደረቷ ላይ የለጠፈችው።

እታገኘሁ ከሽንኩርቱ ላይ ቀና አላለችም።

«በቀለ» አለች።

«ጥፍር? ከነጣቱ የተቆረጠ ጥፍር ይበቅላል?»

«ይሄን ያህል ዘመን ቁጭ ብሎ ሲጠብቅህ ሌላ ምን ሥራ ነበረው? በቀለ።»

«በቀለ እንጂ!» አለች የሺሃረግ ከሙቀጫዋ። ዘነዘናዋን አንሥታ መውቀጡን ቀጠለች። «እኔ ቆሜ እያየሁት ነው የበቀለው።»

ታፈረ እናቱን አየ፤ የሺሃረግን አየ። ጦር ሜዳ ብዙ ነገር ያየ ልጅ ነው፤ የማይጠየቀውን ያውቃል። ፈገግ አለና ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሶ «በስመ አብ» አለ።

ሥጋው እንደ ጠፍር ነበር። እስኪመሽ ቀቅለነው እንኳ አልበስልም ብሎ አስቸገረን። ማዕዱ ሲቀርብ ሁላችንም ፈረሰኛው ለታፈረ እንደሚሆን አውቀናል፤ ፈረሰኛ ሁልጊዜ የአባወራ ነው፣ አባወራ ከሌለ ለወንድ ልጅ። እታገኘሁ ከድስቱ አወጣችውና እንጀራው ላይ የሺሃረግ ፊት አስቀመጠችው።

«ምነው እቴ? የታፈረ አይደለም እንዴ?» አለች የሺሃረግ።

«የባለዶሮዋ ነው» አለች እታገኘሁ።

የሺሃረግ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ፈረሰኛውን ለሁለት ገነጠለች፣ በእንጀራ ጠቀለለች፣ «ና ልጄ፣ አፍህን ክፈት» ብላ ታፈረን አጎረሰችው።